ሸራና ከተማ፦ የአንድ ጨርቅ ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እጅግ ተራ የሆነ ዕቃ ነው፤ ሸራ። የጭነት መኪናን ዕቃ ከዝናብ የሚከልለው፣ በሱቅ ደጃፍ ጥላ የሚጥለው፣ ሠዓሊ ወጥሮ የሚሥልበት፣ ስደተኛም ከሥሩ የሚያድርበት ያው ጨርቅ ነው። ዕቃው ተራ ቢሆንም በስሙና በታሪኩ ውስጥ ያለው ጥያቄ ግን ተራ አይደለም። በሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና፣ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብላ በተሰየመችው ሥፍራ ለምንሰባሰብ ሁሉ ጥያቄው በየጊዜው ይመለስብናል፦ እዚህ የሰፈርን ነን ወይስ የከተምን? አንባቢያን እንደሚያዩት በቋንቋችን ሁለቱም ቃላት ከድንኳን ኑሮ የተወለዱ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰጥተናል።

፩. ስለ ቃሉ

የእንግሊዝኛው «ካንቫስ» ከላቲኑ «ካናቢስ» ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ የመጣ ቃል ነው። የካናቢስ ተክል ዛሬ ስሙ ከሚጨሰው ቅጠል ጋር ቢያያዝም ለብዙ መቶ ዘመናት የተፈለገው ለግንዱ ቃጫ ነበር። ከቃጫው ገመድና የመርከብ ሸራ ይሠራ ነበር፤ የአውሮፓ ነገሥታት ውቅያኖስ የተሻገሩት፣ ቅኝ ግዛት የያዙት፣ ባሪያ ጭነው የነገዱትም በዚሁ ሸራ ነፋስ እየሰበሰቡ ነው። በቬኒስ ከተማ የግድግዳ ሥዕል በባሕሩ እርጥበት እየተላጠ ስላስቸገረ፣ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊዎች ለመርከብ የሚቀርበውን ጨርቅ በእንጨት ላይ ወጥረው መሣልን አስፋፉ። ከዚያ ወዲህ ሸራ ሲባል ሥዕሉም አብሮ የሚታሰብ ሆነ። እንግሊዞች ደግሞ ከስሙ ግሥ አወጡ። ግሡ መጀመሪያ ሰውን በሸራ ላይ አድርጎ ወደ ላይ እያጎኑ መቅለብን፣ ቀጥሎ አንድን ጉዳይ እያገላበጡ መመርመርን፣ በመጨረሻም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ድምፅና ድጋፍ መጠየቅን የሚያመለክት ሆነ። ይህን የመጨረሻውን ፍቺ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ፌርፋክስ ስንደርስ እንመለስበታለን።

የእኛው «ሸራ» የመጣው በሌላ ባሕር ነው። አረብኛ የመርከብን ሸራ «ሺራዕ» ይለዋል፤ በድምፅም በፍቺም ያለው ቅርበት ቃሉ በቀይ ባሕር ንግድ በኩል ወደ ደጋው እንደ ወጣ ያሳስባል። ከባሕር ርቆ የሚኖር ሕዝብ የመርከበኛውን ጨርቅ ተቀብሎ ለየብስ ኑሮው አዋለው፤ አህያና በቅሎ የሚጫኑትን እህል ሸፈነበት፣ ድንኳን ሰፋበት፣ ኋላም ጫማ ሠራበት። ሸራ ጫማ ምን እንደሆነ ለአንባቢያን መንገር አያሻም። የቆዳ ጫማ ለመግዛት አቅም ያጠረው ተማሪ ኳስ የተጫወተበትም፣ ከክፍለ ሀገር ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባበትም እሱ ነበር።

ግዕዝ ግን ከሸራ ቀድሞ የራሱ ቃል ነበረው፤ «ደብተራ»። ደብተራ ማለት ድንኳን ማለት ነው። እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ ታቦቱ ያደረበት ድንኳን «ደብተራ ኦሪት» መባሉ ከዚህ ነው። ኋላ ስሙ ከድንኳኑ ወደ ድንኳኑ አገልጋይ ተላለፈና በማኅሌት የሚቆመው፣ ዜማና ቅኔ ያወቀው ሊቅ ደብተራ ተባለ። የቃሉን ሥር የመረመሩ ሊቃውንት ከግሪኩ «ዲፍቴራ» ጋር ያገናኙታል፤ ትርጉሙ ቆዳ ነው። ከቆዳ ድንኳን ይሠራል፤ በቆዳ ላይም ይጻፋል። ያው የግሪክ ቃል በሌላ መንገድ ዞሮ አረብኛ ሲደርስ «ደፍተር» ሆነ፤ ወደ እኛም «ደብተር» ሆኖ ገባ። እንግዲህ ድንኳንና የተማሪ ደብተር በቋንቋችን የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ይህን ዝምድና ለቃል ጨዋታ አላነሣነውም፤ በመጨረሻ የምንደርስበት ሐሳብ በእርሱ ላይ የቆመ ነው።

፪. የድንኳን መንግሥት

ጎንደር በ1636 ከመቆርቆሯ በፊት ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት መናገሻ በአንድ ሥፍራ የተተከለ አልነበረም። ንጉሡ ባለበት መንግሥቱ አለ፤ ንጉሡም በድንኳን ነው። ከ1520 እስከ 1526 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በልብነ ድንግል ዘመን ያየውን የሠፈር ሥርዓት በዝርዝር ጽፎ ትቷል። የንጉሡ ድንኳኖች፣ የቤተ ክርስቲያን ድንኳኖች፣ የፍርድ ድንኳን፣ የመኳንንቱ ማረፊያ፣ ገበያው ሳይቀር እያንዳንዱ የታወቀ ቦታ ነበረው። ሠፈሩ ተነቅሎ ሌላ ሜዳ ላይ ሲተከል ሥርዓቱ አይለወጥም። ምድሩ ይለወጣል እንጂ የከተማው ካርታ በሰዎቹ ልብ ውስጥ ተጽፎ አብሯቸው ይጓዛል።

የማዕረግ ስሞቻችን ዛሬም የዚያን ካርታ መልክ ይዘዋል። ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች፣ ደጅ አዝማች፣ ፊት አውራሪ፤ እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው ከንጉሡ ድንኳን በየት በኩል እንደሚሰለፍና እንደሚሰፍር የሚናገሩ ናቸው። «ከተማ» የሚለውም ቃል ከመ­ክተም የመጣ ነው፤ ቀድሞ የሚያመለክተው ንጉሥ ወይም መኰንን ሠራዊቱን ይዞ ያረፈበትን፣ ብዙ ጊዜም ከፍ ያለና ለመከላከል የሚመች ሥፍራ ነበር። «ሰፈር»ም እንደዚሁ፤ ሠራዊት የሚሰፍርበት ነው። ድንጋይ ተጠርቦ ግንብ ከመቆሙ በፊት ቃሉ ቀድሞ ነበር።

ይህን ሁሉ ስንል የድንኳኑን ግርማ ብቻ አድንቀን ማለፍ አይገባንም። ድንኳኑን የተሸከመው ማን ነበር? ካስማውን የቸከለው፣ እንጨቱን የለቀመው፣ ወፍጮ በጀርባዋ አዝላ ከሠራዊቱ ኋላ የተጓዘችው ማን ናት? ሠፈሩ ባረፈበት አገር ሁሉ ገባሩ እህሉንና ከብቱን ያቀርባል፤ ጫካው ይመነጠራል፤ ምድሩ ሲራቆት ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ ሌላው ገባር ይሄዳል። የመናገሻው ተንቀሳቃሽነት ለገዢው ብልሃት ነበር፤ ለአራሹ ግን እንደ አንበጣ መንጋ የሚመጣና የሚሄድ መከራ ነበር። በድንኳን ታሪክ ውስጥ ከጥላው ሥር የተቀመጠና ካስማውን የተሸከመ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም።

፫. ድንኳኑ ሥር ሲሰድ

አዲስ አበባ የተወለደችው ከዚህ ልማድ ነው። በ1886 እቴጌ ጣይቱና ምኒልክ ከእንጦጦ ቁር ወርደው በፍልውሃ አካባቢ ሲሰነብቱ መጀመሪያ የተተከለው ድንኳን ነበር፤ ቤቱ ኋላ መጣ። መኳንንቱም በየአቅጣጫው ቦታ ተሰጥቷቸው ከነጭፍሮቻቸው ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከተማዋ በሠፈር ሥርዓት እንደ ተዋቀረች ምስክሮች ናቸው። አዲስ አበባ አድገን ስንጠራቸው የኖርን ብዙዎቻችን በየስማቸው ውስጥ ድንኳን እንዳለ ሳናስተውል ቆይተናል።

ይህችም ከተማ እንደ ቀደሙት ልትነቀል ጥቂት ቀርቷት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ። ምኒልክም በ1900 ገደማ ወደ ምዕራብ፣ ደን ወዳለበት ወደ አዲስ ዓለም መናገሻቸውን ለማዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። አሮጌው ልማድ ሊደገም ነበር ማለት ነው፤ እንጨት ሲያልቅ ድንኳን ይነቀላል። ያስቀረው ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ተቆርጦም እንደገና የሚያቆጠቁጥ ሆኖ ስለ ተገኘ የከተማዋን የማገዶ ችግር አቃለለ፤ አዲስ ዓለምም ቤተ ክርስቲያን ተተክሎባት መናገሻነቷ ቀረ። ስለዚህ አዲስ አበባ በአዋጅ ብቻ ከተማ አልሆነችም። በሠፈሩ ዙሪያ ሥር የሚሰድ ነገር ሰው አምጥቶ ስለ ተከለ ነው ከተማ የሆነችው።

በዚያው ዘመን አሁን ከምንኖርበት አገር ጋር የሚያገናኘን የመጀመሪያው ክር ተፈተለ፤ ክሩም የጨርቅ ክር ነው። በአገራችን አቡጀዲ የምንለው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች በብዛት ይገባ ነበር። በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል የነበረው ሮበርት ስኪነር በ1903 መጨረሻ አዲስ አበባ ድረስ ተጉዞ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል፣ ከውሉ በስተጀርባ የነበረው ትልቁ ሸቀጥ ይኸው የጥጥ ጨርቅ ነበር። እኛ ወደ አሜሪካ ከመምጣታችን ብዙ ዘመን አስቀድሞ የአሜሪካ ጨርቅ ወደ እኛ መጥቶ ነበር ማለት ነው።

፬. የተሰደዱ ሥዕሎች

ሸራ ድንኳን ብቻ አይደለም ብለናል፤ ሥዕልም ነው። በዚህም በኩል ታሪኩ ስለ መንቀልና ስለ መትከል ይናገራል። በጎንደር ዘመንና ከዚያም ወዲህ ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በቀጥታ በግድግዳ ላይ የተቀቡ አይደሉም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሆነው ጨርቁ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ይህ ጥበብ ሥዕሉን ከሚሰነጠቅ ምርጊት ያድናል። ግን የተለጠፈ ነገር ሊላጥ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው፣ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ ጎንደር ደረሰ። በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የነበሩትን የቆዩ ሥዕሎች ከግድግዳ እያላቀቀ ወሰደ፤ በቦታቸውም ጋስተን ሉዊ ሩ የተባለው የጓዱ ሠዓሊ የሠራቸውን ግልባጮች አስቀመጠ። ጎንደር አዲስ ቀለም ደረሳት፤ ፓሪስ አሮጌውን ወሰደች። የአባ እንጦንስ ሥዕሎች ዛሬም የሚገኙት በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ልውውጥ ነው ተብሎ ነበር። አንደኛው ወገን የዕቃውን ዋጋ አውቆ፣ ሌላኛው ችግሩን ብቻ አውቆ የሚዋዋሉት ውል ምን ዓይነት ልውውጥ እንደሆነ ግን ለአንባቢያን ፍርድ እንተወዋለን።

ከዚህ ጋር ሌላ የስደት ሸራ እናነጻጽር። ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ተወለደ፤ ጎንደር ሥዕሎቿን ያጣችበት ዓመት መሆኑ ነው። በጀርመን በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምሮ ተመለሰ፤ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማረ። ከአብዮቱ በኋላ ከአገሩ ወጥቶ ተሰደደ፤ በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት ዐረፈ። እሱ አልተመለሰም። በጀርመን የነበሩ ሥራዎቹ ግን ተመለሱ፤ በ2008 በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተላቸው። እስክንድር ቦጎሲያንም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሮ በ2003 እዚያው ዐረፈ። እሱ ከሸራ ሌላ በዛፍ ልጣጭና በፍየል ቆዳ ላይ ጭምር ይሥል ነበር፤ ወደ ጥንቱ ዲፍቴራ መመለሱ ነው።

የሁለቱ ታሪኮች ልዩነት ያስተምረናል። የጎንደሩ ሸራ የተወሰደው ከባለቤቶቹ ነው፤ ስለዚህ ጌታው ሌላ ሆነ። የገብረ ክርስቶስ ሸራ ግን ባዕድ አገር ቢቆይም የማን እንደሆነ የሚያውቅ፣ ስሙን የያዘ፣ አስታውሶ የጠየቀ ወገን ነበረው። ዕቃ ወደ ቤቱ የሚመለሰው የማን እንደሆነ የሚመሰክር ሲኖር ነው።

፭. የስደተኛው ሸራ

በዘመናችን ኢትዮጵያና ሸራ አብረው ሲጠሩ የዓለም ሕዝብ የሚያስበው የንጉሥ ድንኳን አይደለም። በ1984 ከኮረም የወጡት የረኃብ ፊልሞች ያንን አሮጌ ሥዕል ፍቀው በሌላ ተክተውታል። ከቀይ ሽብር፣ ከጦርነትና ከረኃብ የሸሸው ወገናችን ወደ ሱዳን ሲሻገር የመጀመሪያ ቤቱ የእርዳታ ሸራ ነበር። በገዳሪፍ አውራጃ የሚገኘው ኡም ራኩባ በ1980ዎቹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን አስጠልሏል፤ በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ በዚያው ሥፍራ ላይ እንደገና ድንኳን ተተከለ። በ35 ዓመት ልዩነት ያው ምድር፣ ያው ሸራ፣ ያው ሕዝብ። የልብነ ድንግል ሠፈር ሲዘዋወር ሥርዓቱ አብሮት ይሄድ ነበር። የእኛ ዘመን ድንኳን ግን ሥርዓት ሲፈርስ የሚተከል ነው።

አሜሪካ በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ አማካይነት ከእነዚያ የሱዳን ሠፈሮች ብዙዎች ወደዚህ አገር ገቡ። በየከተማው ያለው ማኅበራችን በከፊል የዚያ ድንኳን ልጅ ነው። ሆኖም አሜሪካ የገባ ሁሉ ከሸራ ሥር ወጥቷል ማለት አይደለም። በ2023 በተደረገው ቆጠራ በሎስ አንጀለስ አውራጃ ቤት የለሽ የሆኑት ሰዎች ከ75 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹም በእግር መንገድ ላይ በድንኳን የሚያድሩ ናቸው። በ2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተሞች በአደባባይ የሚያድሩ ሰዎችን እንዲቀጡ ፈቀደ። እኛ ከድንኳን ሸሽተን በመጣንባት ከተማ የአገሩ ተወላጅ ድንኳኑ በፖሊስ ይነቀልበታል። ይህን እያየን «የእነርሱ ጉዳይ ነው» ብለን የምናልፍ ከሆነ ከራሳችን ታሪክ ምንም አልተማርንም።

፮. ፌርፋክስ

እንግዲህ ወደ ቦታችን ደረስን። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኦሊምፒክ ጎዳና በስተደቡብ ባለችው የፌርፋክስ ክፍል የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች እየበዙ ሄዱ። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ጀበናው፣ ነጠላው በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ተሰበሰበ። ነጋዴዎቹና የሠፈሩ ሰዎች ከበር ወደ በር እየዞሩ ድጋፍ ጠየቁ፤ ለከተማው ምክር ቤት አመለከቱ። ካንቫስ ከሚለው ቃል የወጣው ግሥ የሚያመለክተው ሥራ ይህ ነው። የምክር ቤቱ አባል ኔት ሆልደን ሐሳቡን አቀረቡ፤ በ2002 ሥፍራዋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተባለች፤ ምልክትም ቆመላት።

ፌርፋክስ ከእኛ በፊት የሌሎች ስደተኞች ሠፈር ነበር። ከአውሮፓ ስደት የተረፉ አይሁድ በዚህ ጎዳና፣ በተለይ ወደ ሰሜን ባለው ክፍሉ፣ ምኩራባቸውንና ዳቦ ቤታቸውን ከፍተዋል። በየዓመቱ በመከር ወራት የዳስ በዓላቸውን ሲያከብሩ በየደጃፋቸው ዳስ ይጥላሉ፤ አባቶቻቸው በምድረ በዳ በድንኳን መኖራቸውን እንዳይረሱ ነው። ቤት የሠራ ሕዝብ በየዓመቱ ለሰባት ቀን ወደ ዳስ የሚመለስበት ይህ ልማድ ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ ደብተራ ኦሪት ከሚለው ቃላችን ጋር ከአንድ መጽሐፍ የተቀዳ ነው። እኛም በመስከረም የአዲስ ዓመት በዓላችንን በዚሁ ጎዳና ስናከብር ሸራ ወጥረን ከሥሩ እንሸጣለን፣ እንበላለን፣ እንጨፍራለን። ማታ ሸራው ይታጠፋል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የስም ምልክት የቆመለት መንገድና የራስ የሆነ መንገድ አንድ አይደሉም። ኪራይ የሚከፍል ነጋዴ ኪራዩ በጨመረ ቁጥር እንጨት እንዳለቀበት ሠፈር ነው፤ ካስማውን ነቅሎ ርካሽ ቦታ ፍለጋ መሄድ ግድ ይሆንበታል። ብዙዎቻችንም በልባችን ለዓመታት ሻንጣ ሳንፈታ ኖረናል፤ «ነገ አገር እንገባለን» እያልን ልጆች ወለድን፣ ሽማግሌዎች ቀበርን። በአገራችን ለቅሶ ሲሆን የዕድሩ ድንኳን በሰዓታት ውስጥ ይተከላል፤ ድግስ ሲሆን ድንኳን ሰባሪው እንኳ ቦታ አያጣም። በዚህ አገር ግን ለቅሶ የምንቀመጠው በተከራየነው አዳራሽ ወይም በአፓርትመንት ሳሎን ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ቁልፍ እንመልሳለን።

ታዲያ የእኛ ባሕር ዛፍ ምንድን ነው? ሠፈሩን ከተማ የሚያደርገው ነገር ማለታችን ነው። ሁለት ነገሮች ይታዩናል። የመጀመሪያው ዕቁብና ዕድርን ያቋቋመው ሕዝብ ያንኑ የመተባበር ልማድ ተጠቅሞ ቢያንስ አንዲት ጣራ በጋራ የራሱ ማድረግ መቻሉ ነው። ምግብ ቤት ሲዘጋ የማትዘጋ፣ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩባት፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡባት፣ ለቅሶም ደስታም የሚውልባት አንዲት ቤት። ሁለተኛው ከድንኳኑ ጋር አንድ አያት ያለው ደብተር ነው። የልብነ ድንግልን ሠፈር ዛሬ በዝርዝር የምናውቀው አንድ የውጭ አገር ቄስ ስለ ጻፈው ነው። ሠፈሩን በልባቸው ይዘውት የነበሩት ግን ሲያልፉ ካርታውን ይዘውት ሄዱ። የፌርፋክስን ታሪክ እንግዳ እስኪጽፍልን ከጠበቅን የጎንደር ሥዕሎች ዕድል ይደርሰናል፤ ዋናው ሌላ አገር ይቀመጣል፣ ለእኛ ግልባጭ ይቀርልናል።

ስለዚህ አንባቢያንን አንድ ነገር እንለምናለን። በየቤታችሁ ያለው የዕድር መዝገብ፣ የመጀመሪያው ሱቅ የኪራይ ውል፣ ከሱዳን የመጣ የስደተኛ መታወቂያ፣ የበዓል ማስታወቂያ ወረቀት፣ ጀርባው ላይ ስምና ዓመት ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ እነዚህ ሁሉ የከተማችን ካርታ ናቸው። አትጣሏቸው። በፎቶግራፎቹ ጀርባ ላይ ስሙን፣ ቦታውን፣ ዓመቱን ጻፉ። ታላላቆቻችን በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁንም በደብተር አስፍሩ። ቋንቋችን ለሚከተም ሰውም፣ በወረቀት ላይ ለሚጻፍ ቃልም «ሰፈረ» እንደሚል ልብ በሉልን።